ሆድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይልክም፦ «ማን ይራባል?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «እውነቱን ነው» ብለው፣ አንዱ ደግሞ «እስቲ መልስ ስጥበት» ብሎ ነው። ልመልስ እንግዲህ።

ጽሑፉ በአንድ ክፍለ ግዛት ሕዝብ ውስጥ ማን ለምግብ ዋስትና እጦት፣ ማለትም ገንዘብ አጥሮት በቂ ምግብ ለማግኘት ለመቸገር፣ እንደሚጋለጥ ይተነትናል። የትኛው ክፍለ ግዛት እንደሆነ ጸሐፊው አልነገሩንም፤ «የትም ቢሆን ያው ነው» ብለው አልፈውታል። ሰባት ነጥብ አላቸው። አካባቢው በቂ ምግብ ስለማያመርት ሰዉ ይራባል ይላሉ። የሚቸገሩት የማይሠሩት ናቸው ይላሉ። ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች የሚቸገሩት ራሳቸው በመረጡት ኑሮ ነው ይላሉ። ካርታው ላይ ችግሩ የጠናባቸው ቦታዎች የተወሰኑ ማኅበረሰቦች የሚኖሩባቸው ስለሆኑ ነገሩ የባህል ነው ይላሉ። ገበያ የራቀው ሰው ይራባል ይላሉ። ይህ እጦት የሚለካበት መጠይቅ የሚለካው ስሜት እንጂ ረሃብ አይደለም ይላሉ። በመጨረሻም ድጎማ ሰውን ያሰንፋል ይላሉ።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ከቁጥሮቹም ብዙዎቹ ትክክል ናቸው። ችግሩ ያለው አነባበቡ ላይ ነው። ጸሐፊው «ተጋላጭ» የሚለውን ቃል «ጥፋተኛ» ብለው ነው ያነበቡት። የአጋላጭ ምክንያቶች ሰንጠረዥ ሲሰጣቸው የጠባይ ሰንጠረዥ አደረጉት። እኔ ያንኑ ሰንጠረዥ ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነው፦ ገቢው አንድ ቀን ሲያነክስ የሚደገፍበት ነገር ያለውና የሌለው ሰው ዝርዝር።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደጋግሜ የአሜሪካን ቁጥር የምጠቅሰውም አገሩ ስለሚያስቀና አይደለም። ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ እየጠየቀ፣ በክፍለ ግዛት ከፍሎ ሲያወጣ ስለኖረ ነው። «የትም ቢሆን ያው ነው» ለሚል ክርክር የሚሆነው እንዲህ ያለ ሰፊ መለኪያ ነው።

ከእርሻው እንጀምር። መሬቱ ቢያመርት ኖሮ ሰዉ አይራብም ነበር ይላሉ። ለጆሮ ደስ ይላል። ግን አሜሪካ ውስጥ ሩዝ በማምረት አንደኛው ክፍለ ግዛት የቱ ነው? አርካንሳ። ከአገሪቱ ሩዝ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። የዶሮ እርባታውም ስመ ጥር ነው። ከ2021 እስከ 2023 በተሠራው አማካይ ስሌት ታዲያ የምግብ ዋስትና እጦት ከሁሉም በላይ ከፍ ያለው የት ነው? እዚያው አርካንሳ። ከ100 ቤተሰብ 18.9። ዝቅተኛው የተመዘገበው በኒው ሃምፕሻየር ነው፤ 7.4። ኒው ሃምፕሻየር አብዛኛው መሬቱ ጫካ ነው። ራሱን የሚቀልብ እርሻ የለውም። የሌላው ሰው እርሻ ግን ይቀልበዋል፤ ምክንያቱም መግዣ አለው።

ሩዙ አርካንሳ ውስጥ ይበቅላል እንጂ ለአርካንሳ ሰው ተብሎ አይበቅልም። ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። የጭነት መኪናው የሚያልፍበት መንደር ውስጥ ያለች እናት ከመኪናው ላይ አንድ ፍሬ የማንሳት መብት የላትም። መብቷ የሚጀምረው ኪሷ ውስጥ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አማርትያ ሴን በ1943 ቤንጋል ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሰው የጨረሰውን ረሃብ በዘጠኝ ዓመቱ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። አድጎ ኢኮኖሚስት ሆነና ቁጥሮቹን መረመረ። በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ዓመት ቤንጋል ውስጥ የነበረው እህል ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 እንኳን ይበልጥ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። የጦርነቱ ወጪ ዋጋ አናረ። የገጠር የቀን ሠራተኛው፣ ዓሣ አጥማጁና ጸጉር ቆራጩ ያገኙት የነበረው ገንዘብ ግን ባለበት ቀረ። እህሉ ነበረ። እነርሱ ደግሞ ወደ እህሉ መድረሻ አልነበራቸውም። በ1996 ሮም ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት የምግብ ዋስትናን ሲተረጉሙ «ሁሉም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ» በአካልም በገንዘብም ምግብ ላይ መድረስ መቻሉን ያካተቱት በከንቱ አልነበረም።

ጸሐፊውን አንድ ቦታ ላይ አልቃወማቸውም። ያመረተውን የሚበላ ገበሬ ዝናብ ሲቀርበት ምግቡንም ገቢውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። እዚያ ላይ ምርት ትልቅ ነገር ነው። ግን ያም ቢሆን ጎረቤቱ ያለው ሱቅ ስለሞላ አይተርፍም፤ ሱቁ ባዶ ስለሆነም ብቻ አይደለም የሚራበው።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። «የማይሠራ ይራባል።» ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የሚዘወተር ስለሆነ።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2010 እና በ2011 ልጆቻቸው ጭምር ምግብ ያጠረባቸውን ቤተሰቦች ተመልክቶ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች 85 በመቶው ውስጥ የሚሠራ አዋቂ ሰው አለ። በ70 በመቶው ውስጥ ደግሞ ሙሉ ሰዓት የሚሠራ አለ። እንግዲህ ልጆች በተራቡበት ቤት ውስጥ እንኳን አብዛኛው ጊዜ ጠዋት ተነስቶ ሥራ የሚሄድ ሰው አለ ማለት ነው። ጸሐፊው እነዚህን ሰዎች የት አደረጓቸው?

እሺ፣ ከሠሩ ለምን ይጎድልባቸዋል? አንድ ወር እንይ። ቤተሰቡ የትም ይሁን።

ደመወዝ ገባ። ኪራይ ወጣ። ኪራይ ካልከፈልክ ትባረራለህ። መብራት ካልከፈልክ ይቆረጣል። ስልክ ካልከፈልክ አለቃህ ለተጨማሪ ፈረቃ ሲደውል አያገኝህም። ትራንስፖርት ካልከፈልክ ሥራው ራሱ ይቀራል። የብድሩ ቀን ካለፈ ወለዱ ይጨምራል። እያንዳንዱ ወጪ ከኋላው አንድ ቅጣት ቆሞለታል። ቀለብ ላይ ግን ማንም አይመጣብህም። ሆድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይልክም። ስለዚህ ወጪ መቀነስ ሲመጣ ሁልጊዜ የምትቀንሰው ከእርሱ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ደህና ነው። በሁለተኛው አትክልቱ ይቀራል። በሦስተኛው የሚበላው ነገር ዓይነቱ አንድ ይሆናል። በአራተኛው እናት «አሁን በላሁ» ማለት ትጀምራለች። በሃያ ሰባተኛው ቀን ድስቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከወትሮው ይበዛል። ሳምንቱ ውስጥ የታመመ ልጅ ወይም የተበላሸ መኪና ከተጨመረ ደግሞ አራተኛው ሳምንት ከአሥራ አምስተኛው ቀን ይጀምራል።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። የካሊፎርኒያ ሆስፒታሎች መዝገብ ላይ የተሠራ፣ በ2014 የታተመ ጥናት አለ። በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ወርዶባቸው ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎችን ነው የቆጠረው። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ሲቀር የሚደርስበት ነገር ነው። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው መካከል በዚህ ምክንያት ሆስፒታል መግባት በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ከመጀመሪያው ሳምንት በ27 በመቶ ይበልጣል። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ዘንድ ግን የወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ልዩነት የለውም። ስንፍና የቀን መቁጠሪያ አያይም። ባዶ ኪስ ግን ያያል።

በገቢያቸው የታችኛው አምስተኛ ክፍል የሆኑት አሜሪካውያን በ2023 ከታክስ በኋላ ካላቸው ገንዘብ ሲሦ ያህሉን ለምግብ አውጥተዋል። የላይኛው አምስተኛ ክፍል ያወጣው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሣንቲም ካየነው ግን ሀብታሙ ነው ብዙ ያወጣው። ዋጋ በትንሹ ከፍ ሲል አንዱ ያጉረመርማል፣ ሌላው ራት ይዘልላል።

አንድ ሌላ ቁጥር ደግሞ ጸሐፊውንም እኔንም እኩል ያስቸግረናል። በ2023 ከድህነት መስመር በታች ካሉት ቤተሰቦች የምግብ ዋስትና ያጡት 38.7 በመቶ ናቸው። ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ድሆች በዚያ ዓመት እንደምንም ተወጥተውታል። ከመስመሩ በላይ ሆነው የተቸገሩም ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ድህነት ነው» ብሎ መዝጋትም አይበቃም። ልዩነቱን የሚያመጡት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ አለ? ቤቱ የራስ ነው ወይስ የኪራይ? ደመወዙ በየወሩ እኩል ነው ወይስ እንደ ፈረቃው ይዋዥቃል? ብድር የሚሰጥ ዘመድ አለ? ቤት ውስጥ መሥራት የማይችል አካል ጉዳተኛ አለ? ይህ የመጨረሻው በጣም ከባዱ ነው። በ2009 እና በ2010 በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት የማይችል አዋቂ ካለባቸው ቤቶች ሲሦ ያህሉ የምግብ ዋስትና አልነበራቸውም። ጸሐፊው አካል ጉዳትን አንድም ቦታ አላነሱም። «የማይሠሩ» ከሚለው ቃል ውስጥ ጠቅልለው አስገቡት።

አረጋውያንን ደግሞ እንመልከት። በጸሐፊው አመክንዮ አረጋዊ አይሠራም፣ ስለዚህ ከሁሉም በላይ መራብ ነበረበት። በ2023 አረጋዊ ካለባቸው ቤቶች የተቸገሩት ግን 9.3 በመቶ ናቸው። የአገሩ አጠቃላይ 13.5 ነበር። ለምን? በየወሩ በቀኑ የሚገባ ጡረታ አለ። ሕክምናው በመድን ተሸፍኗል። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ግን አይዋዥቅም። አለመሥራት ብቻውን አያስርብም፤ የሚያስርበው ነገ የሚገባውን አለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ካርታው። ጸሐፊው ካርታ አስቀምጠው «ቀይ የሆነው ቦታ ሁሉ እነማን እንደሚኖሩበት ተመልከቱ» ይላሉ። እዚህ ላይ በጣም ያረጀ ስህተት ሠርተዋል። ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1950 አሳይቶታል። በ1930 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ውስጥ፣ የውጭ ተወላጅ በብዛት ያለባቸው ክፍለ ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰውም በብዛት ያለባቸው ነበሩ። ካርታ ለሚያነብ ሰው መደምደሚያው ግልጽ ነው፦ የውጭ ተወላጆች ከአገሬው በላይ የተማሩ ናቸው። ሰው በሰው ሲቆጠር ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። የውጭ ተወላጆቹ ማንበብ የመቻላቸው ዕድል ከአገሬው ያነሰ ነበር። ለካ የሰፈሩት የተማረ ሕዝብ ባለባቸው ክፍለ ግዛቶች ኖሯል።

የቦታ አማካይ ስለ ሰው አይናገርም። ቀይ የተቀባው ወረዳ ውስጥ የሚራቡት እነዚያው ጸሐፊው የጠቆሙባቸው ሰዎች ይሁኑ ወይስ ጎረቤቶቻቸው፣ ካርታው አያውቅም። ይህን የማነሳው የፈተና ጥያቄ ለማስመሰል አይደለም። ካርታ አምኖ በጀት የሚመድብ ሹም ነጭ በተቀባው ሰፈር ያለውን የተራበ ቤት ሳያየው ያልፋል።

እርግጥ ነው፣ ሰው በሰው ሲቆጠርም ልዩነት አለ። በ2023 የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች 23.3 በመቶ፣ የነጮች 9.9 በመቶ ነበር። ጸሐፊው «ባህል» ያሉት ይህን ነው። እኔ ሌላ ቁጥር አጠገቡ አስቀምጣለሁ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 የቤተሰቦችን ሀብት ቆጥሮ ነበር። መሐል ላይ ያለው የነጭ ቤተሰብ 285 ሺህ ዶላር ገደማ ሀብት አለው። መሐል ላይ ያለው የጥቁር ቤተሰብ 45 ሺህ ገደማ። አንድ ቀን ሁለቱም ቤት ውስጥ ሥራ ቢታጣ የማን ራት ቀድሞ እንደሚቀር ለማወቅ ባህል ማጥናት አያስፈልግም።

የገበያውን ርቀት ባጭሩ ልለፈው። ርቀት ያደክማል፣ መኪና የሌለውን ይጎዳል፤ እውነት ነው። ግን ዋናው ምክንያት ርቀት ቢሆን ኖሮ ገጠሩ ብቻ ይቸገር ነበር። በ2023 በትልልቅ ከተሞች መሐል ያለው ቁጥርና የገጠሩ ቁጥር እኩል ለእኩል ናቸው፤ ሁለቱም ከ15 እስከ 16 በመቶ። ዝቅ የሚለው በከተማ ዳር ባሉ ሰፈሮች ነው። መስታወቱን አልፎ የሚገባበት ገንዘብ ለሌለው ሰው ሱቁ ከቤቱ በታች ቢከፈት ምን ይጠቅመዋል?

   

ሦስተኛውንና ሰባተኛውን አንድ ላይ ልመልስ። እናቶቹ ስለ ምርጫቸው፣ ድጎማው ስለ ማስነፉ። አንዱን የሚመልስ ሌላውንም ይመልሳል።

ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ያለችበት ቤት ከሁሉም በላይ እንደሚቸገር አልክድም። በ2023 34.7 በመቶ ነበር። ከሦስት ቤት አንድ። ጸሐፊው ይህን ሲያዩ «ለምን ብቻዋን ሆነች?» ብለው ይጠይቃሉ። ባሏ የሞተባት፣ ጥሏት የሄደባት፣ ከዱላ ያመለጠች፣ ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተው «ምርጫ» ተባሉ። የእኔ ጥያቄ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ደመወዝ፣ ሁለት እጅ፣ ሃያ አራት ሰዓት። ሥራ ከሄደች ልጅ የሚጠብቅ ትከፍላለች። ልጅ ከጠበቀች ደመወዝ የለም። ልጅ ካተኮሰው ሁለቱም ይቀራሉ።

ጠባይ ከሆነ ደግሞ በአንድ ዓመት አይለወጥም አይደል? እንፈትነው እስቲ። በ2021 የአሜሪካ መንግሥት ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ለአብዛኛው ልጅ ላለው ቤተሰብ በየወሩ ገንዘብ ላከ። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ 300 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው 250። ሥራ የሌለውም ያገኝ ነበር። በ2020 ልጆች ካሉባቸው ቤቶች 14.8 በመቶው የምግብ ዋስትና አልነበረውም። በ2021 ወደ 12.5 ወረደ። ክፍያው ቆመ። በ2022 17.3 ሆነ። ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉት እናቶች ዘንድ ከ24.3 ወደ 33.1 ዘለለ። በአንድ ዓመት።

እናቶቹ ያው ናቸው። ልጆቹም። ባህላቸው በታኅሣሥ መጨረሻ ሌሊት አልተበላሸም።

ሁሉንም ያመጣው ያ ክፍያ ነው አልልም። በ2022 የምግብ ዋጋ ክፉኛ ጨምሯል፤ ቤት ወስዶ የሚበላው ምግብ ብቻ በ11.4 በመቶ ነው የናረው። ሌሎች የወረርሽኙ ጊዜ ድጎማዎችም በየክፍለ ግዛቱ እየቀሩ ነበር። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህም ቢሆኑ የገንዘብና የዋጋ ጉዳዮች ናቸው። ከዝርዝሩ ውስጥ የጠባይ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ክፍያው በነበረባቸው ወራት ወላጆች ሥራ ትተው እንደሆነ የመረመሩ ጥናቶችም ጎላ ብሎ የሚታይ ቅናሽ አላገኙም።

ጸሐፊው ስለ ድጎማ ከተናገሩት ውስጥ አንድ እውነት አለ፣ እርሱን ልስጣቸው። ደመወዝ በጥቂት ሲጨምር ድጎማው ግን ባንዴ የሚቆረጥበት አሠራር ብዙ ቦታ አለ። እንዲህ ያለ ሕግ ያለበት ሰው ጭማሪውን «ይቅርብኝ» ቢል አልፈርድበትም። እኔም ሒሳቡን ሠርቼ እንደዚያው አደርግ ነበር። ሕጉን ያወጣው ግን እርሱ አይደለም። መፍትሔውም ድጎማውን ቀስ በቀስ የሚቀንስ አድርጎ መሥራት ነው፤ ጸሐፊው ግን ዘለው «ይቁም» አሉ።

መጠይቁን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። «ሰዎችን ‹ተጨንቃችኋል ወይ?› ብሎ ጠይቆ ረሃብ ለካሁ ማለት ምን ማለት ነው?» ይላሉ ጸሐፊው። ጥያቄውን አንብበው ቢሆን ይህን አይሉም ነበር።

የአሜሪካው መጠይቅ ልጆች ላሉበት ቤት 18፣ ለሌሉበት 10 ጥያቄዎች አሉት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለብዙ አገር የሚጠቀምበት 8 አለው። የሚጀምረው ከጭንቀት ነው፤ ልክ ናቸው። ከዚያ ግን ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። የተመጣጠነ መብላት አቅቷችኋል? መጠኑን ቀንሳችኋል? ምግብ ዘላችኋል? ተርባችሁ ሳትበሉ ቀርታችኋል? ቀኑን ሙሉ ሳትበሉ ውላችኋል? በየጥያቄው ላይ ደግሞ «ገንዘብ ስላልነበረ» የሚል ሐረግ ተያይዟል። የጾመ፣ ለመክሳት ብሎ የተወ፣ ሥራ በዝቶበት የረሳ አይቆጠርም። አንድ «አዎ» ብቻ ያለ ቤትም አይቆጠርም። በአሜሪካው መለኪያ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል። ስለዚህ የተጨነቀ ብቻ የምግብ ዋስትና እንዳለው ሰው ነው የሚመዘገበው።

ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም። በመስከረም 2025 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ራሱ ይህን ዓመታዊ ሪፖርት ማውጣት እንደሚያቆም አስታውቋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። መለኪያው ሲጠፋ የሚጠፋው ቁጥሩ ነው፤ ራት ያጣው ልጅ አይደለም።

ሌላው ስጋታቸው ሰዎች ለእርዳታ ብለው ያጋንናሉ የሚል ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ ቅጽ እሞላ ነበር። ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሰው ያፍራል። አባወራ ጥያቄው ሲጀመር ስልክ ያነሳል። እናት ትስቃለች።

አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ እንግዳ የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድማ ጠረገችልኝ። ጥያቄዎቹን አነበብኩላት። ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ? «ማን የማይጨነቅ አለ?» መጠን ቀንሰሻል? «እኔ ድሮም ብዙ አልበላም።» ምግብ ዘለሽ ታውቂያለሽ? «ኧረ የለም።» የለም፣ የለም፣ የለም። ቅጹ ላይ ይህ ቤት ምንም የማይጎድለው ቤት ሊሆን ነው።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀና ሳትል «እማዬ፣ ሐሙስ ማታስ?» አለች።

ቤቱ ዝም አለ። እናትየው መሐረቧን አስተካከለች። እኔም እስክሪብቶዬን ማየት ጀመርኩ፤ ሌላ የማይበት ስላልነበረኝ።

«እሺ» አለች ቆይታ። «ሐሙስን ጻፈው። ማክሰኞን ግን ተወው።»